የነቢያት ጎዳና፦ የኢየሩሳሌም የሆስፒታሎች መንገድ

በኢየሩሳሌም፣ በነቢያት ጎዳና ቁጥር 38፣ ዘውድ የደፋ አንበሳ በሞዛይክ የተሣለበት ሕንፃ አለ። አብሮትም የግዕዝ ጽሕፈት ይነበባል። ሕንፃውን በ1920ዎቹ ያሠሩት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ቆንስላ የነበረውም እዚሁ ነው። በአቅራቢያው ካለው የኢትዮጵያ ገዳም፣ ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የሚወጣ ያገራችን ተሳላሚ እዚህ ሲደርስ ቀና ብሎ አንበሳውን ያያል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ደማስቆ በር ይወርዳል። ማዶውን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ቁጥር 37 ላይ ያለው የድንጋይ ሕንፃ በአውሮፓ አይሁዳዊ ባለባንክ ቤተሰብ ስም የተጠራው፣ በ1888 የተከፈተው የሮትሺልድ ሆስፒታል ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ ከደማስቆ በር ተነሥቶ፣ ሽቅብ ወደ ምዕራብ እየወጣ፣ ዳቪድካ አደባባይ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። በዚህ ርቀት ላይ የጣሊያን፣ የጀርመን፣ የእንግሊዝና የአይሁድ ሆስፒታሎች ተሠርተዋል፤ የሕፃናት ሆስፒታል ነበረበት፤ ከጎኑ ባለው መግቢያ ደግሞ ያገሩ ሁሉ ዐይነ ስውር የሚጎርፍበት የዐይን ሐኪም ቤት ነበር። በዙሪያው ያለውን ብንጨምር፣ የሩሲያ ሆስፒታል በሩሲያ ግቢ፣ የፈረንሳይ ቅዱስ ሉዊ በአዲሱ በር፣ የኦቶማን (ከተማዋን ይገዛ የነበረው የቱርክ መንግሥት) ማዘጋጃ ቤት ሆስፒታል በያፋ መንገድ፣ ሁሉም በእግር የሚደረስበት ነው። ለአንዲት ትንሽ የተራራ ከተማ ይህን ያህል አልጋ ለምን አስፈለጋት? በሽታው ብቻውን መልስ አይሆንም። ይህን ጎዳና የሆስፒታል ጎዳና ያደረጉት ቀብር፣ የመሬት ሕግና የጉድጓድ ውሃ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሐኪሞቹ የመጡት ከነዚህ በኋላ ነው።

ከቀብር ልጀምር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ኢየሩሳሌም ማለት በቅጥሩ ውስጥ ያለው ከተማ ነው። አይሁድን ወደ ክርስትና ለማምጣት የተቋቋመው የለንደን ሚስዮን ሐኪም ላከ፤ በ1844 መጨረሻም በአሮጌው ከተማ ውስጥ ሆስፒታል ከፈተ። የከተማዋ ድሃ አይሁድ መድኃኒትም አልጋም በነፃ አገኘ። ራቢዎቹ፣ የአይሁድ የሃይማኖት መሪዎች፣ ግን ደነገጡ። የነበራቸው መሣሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ በሚስዮኑ ሆስፒታል ተኝቶ የሞተ ሰው በአይሁድ መቃብር አይቀበርም አሉ። ዕድር ያለው ሰው የዚህን ቃል ክብደት ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ቀባሪ ያጣ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ታማሚው እየዳነም ቢሆን ልቡ አያርፍም፤ ዘመድ አልጋው ድረስ መጥቶ ይጎትተዋል። ሚስዮኑም ነገሩን ስለተረዳ በሃይማኖቱ የተፈቀደ ምግብ ለማቅረብ ይጥር ነበር፤ ሥጋና ወተት የሚለይበት ወጥ ቤት ከሌለ የታመመው አይበላም፣ ካልበላ አይድንም።

እገዳ ግን ብቻውን ሕመምተኛ አያድንም። ስለዚህ የራስ ሆስፒታል መሥራት ግድ ሆነ። የእንግሊዙ አይሁዳዊ ባለጸጋ ሞንቴፊዮሬ በ1843 ዶክተር ሲሞን ፍሬንክልን ከነመድኃኒቱ ላኩ፤ በ1854 የሮትሺልድ ቤተሰብ ገንዘብ በአሮጌው ከተማ ሆስፒታል አስከፈተ። ከዚያ የማኅበረሰቡ የራሱ ሆስፒታል «ቢኩር ኾሊም» አለ። ስሙ በአማርኛ ቃል በቃል «ሕሙማን ጥየቃ» ነው፤ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ያለውን ቃል ለሚያውቅ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ጀርመኖችም አልዘገዩም። ከጀርመኗ ካይዘርስቬርት የመጡ አራት ዲያቆናዊት እኅቶች (ሕሙማን የሚያስታምሙ የፕሮቴስታንት ማኅበርተኞች) በ1851 ከመሪያቸው ከፓስተር ፍሊድነር ጋር ደርሰው ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ፍሎረንስ ናይቲንጌል በካይዘርስቬርት ሕሙማን ማስታመምን ስትማር ነበር፤ ኢየሩሳሌም የደረሰው የነርስነት ሙያ ዓለም በኋላ ካወቀው ጋር ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው።

አንዱ ሲከፍት ሌላው ይከፍታል፤ የአንዱ ፍርሃት የሌላው ግንባታ ይሆናል። ቆንስሎቹም ከኋላ አሉ፤ እያንዳንዱ ኃያል መንግሥት በቱርክ ግዛት ውስጥ እግሩን የሚተክልበት ምክንያት ይፈልጋል፤ ሆስፒታል ደግሞ ማንም ሊቃወመው የማይደፍር ምክንያት ነው። ይህን የምለው የእኅቶቹንና የሐኪሞቹን ድካም ለማሳነስ አይደለም። በታይፈስና በኮሌራ መካከል ሌሊት ተቀምጦ ማስታመም ፖለቲካ አይደለም፤ ሕንፃውን ያቆመው ገንዘብ ግን ፖለቲካ ነበረበት።

ከቅጥሩ ለመውጣት ሁለት ነገር ያስፈልግ ነበር። አንደኛው ሕግ ነው። የኦቶማን መንግሥት የውጭ ዜጋ መሬት በስሙ እንዲይዝ የፈቀደው በ1867 ነው፤ ከዚያ በፊት የሚገዛ ሰው በአገሬው ዜጋ ስም ያስጽፍ ነበር፤ ባለስሙ ሲሞት ወይም ሲካድ ሙግት ይነሣል። ሁለተኛው በቅጥሩ ውስጥ መኖር አለመቻሉ ነው። በ1865 የገባው ኮሌራ ከተማዋን አራቆታት። ከሰሜን ምዕራብ ያለው ኮረብታ ደግሞ ነፋስ ያገኛል፣ መሬቱ ርካሽ ነው፣ ከደማስቆ በርም ከያፋ በርም ሩቅ አይደለም። በ1872 ዶክተር ማክስ ሳንድሬዝኪ ማሪየንሽቲፍት የተባለውን የሕፃናት ሆስፒታል አቋቋሙ፤ የማንንም ሃይማኖት ሳይለዩ ሕፃናትን ያክሙ ነበር፤ እሳቸው በ1899 ሲሞቱ ግን ሆስፒታሉ አብሮ ተዘጋ። በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ሆስፒታል ዕድሜው የሰውየው ዕድሜ ነው።

ከዚያ በኋላ በፍጥነት ተከታተሉ። ሮትሺልድ በ1888 ወጣ። የጀርመን ዲያቆናዊት እኅቶች በ1894 ወደ አዲሱ ሕንፃቸው ገቡ፤ ሕንፃውን የነደፉት ኮንራድ ሺክ በአናጺነትና በሰዓት ሥራ ጀምረው በልምድ አርክቴክት የሆኑ ሰው ናቸው። የራሳቸው ቤት፣ ቤት ታቦር፣ በ1882 የተሠራው፣ በዚሁ መንገድ ቁጥር 58 ላይ ዛሬም አለ። የእንግሊዙ ሚስዮን በ1897 በቁጥር 82 ትልቁን ሆስፒታሉን ከፈተ፤ ራቢዎቹም የቀብሩን እገዳ እንደገና አጠበቁ። ከ50 ዓመት በላይ አልፎ ጭቅጭቁ ያው ነበር።

አሁን ስለ ውሃው። የነዚህን ሆስፒታሎች ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ መሥራቾቹና ስለ በሮቹ ጌጥ ብዙ ይላሉ፤ ከወለሉ በታች ስላለው ጉድጓድ ግን ያልፉታል። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ኢየሩሳሌም ወንዝ የላትም። ውሃዋ ከጣሪያ የሚወርድ ዝናብ ነው፤ በቦይ ተመርቶ በአለት ውስጥ በተፈለፈለ፣ በኖራ በተለሰነ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ዝናቡ በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እሱም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ብቻ ነው፤ በጋው ጠብታ የለውም። እስቲ እናስላው። 1,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ሆስፒታል በዓመት 500,000 ሊትር ይቀበላል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ይደፋል፤ በትነትና በስንጥቅ የሚጠፋም አለ። አንድ አምስተኛው ጠፋ ብንል 400,000 ሊትር ይቀራል፤ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 1,100 ሊትር አይሞላም። 60 ሕመምተኛ ቢተኛ ለአንዱ 18 ሊትር ይደርሰዋል። አንድ ጀሪካን እንኳን አይሞላም። ከዚያ ላይ መጠጡ፣ ወጥ ቤቱ፣ ገላው፣ አንሶላው፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይወጣል። ዝናቡ ያነሰበት ዓመት በአህያ የመጣ ውሃ ይገዛል፤ የሚገዛው ውሃ ከየት እንደተቀዳ ማንም አያውቅም።

የመጠኑ ማነስ ሳይበቃ ጉዳቱ ይጨመራል። ልስኑ ይሰነጠቃል፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ በአጠገቡ ካለ ፍሳሹ በአለቱ ስንጥቅ ሰርጎ ይገባል፤ ታይፎይድ የሚመጣው በዚህ ነው። በመስከረም ደግሞ የቀረው ውሃ ከታች ያለው ዝቃጭ ነው። ሁለተኛው ጉዳት ወባ ነው። ተራራ ላይ ወባ አይኖርም ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። የኢየሩሳሌም ወባ ትንኝ ረግረግ አላስፈለጋትም፤ ቀዝቃዛ፣ ጨለማና የረጋ የጓዳ ጉድጓድ በቂዋ ነበር። ሆስፒታሉ ራሱ የሚያክመውን በሽታ ከወለሉ በታች ያረባ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማስፈጸሙ ግን ከባድ። ክዳኑን ክፍተት እስከማይኖረው መግጠም፣ ባልዲ ማስወገድና የእጅ ፓምፕ መትከል፣ የአየር ማስገቢያውን በወንፊት ሽቦ መሸፈን። ይህ እስኪሆን ድረስ በየሳምንቱ ጥቂት ላምባ በውሃው ላይ ማፍሰስ። ላምባው ስስ ሽፋን ይሆንና የትንኟ ዕጭ ለመተንፈስ ወደ ላይ ሲወጣ አየር ያጣል። ለምን በየሳምንቱ? ዕንቁላሉ ትንኝ ሆኖ እስኪበር አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል፤ አንድ ሳምንት ከተዘለለ አንድ ትውልድ አመለጠ። የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ባልዲ የለመደ ሰው ፓምፑ ሲበላሽበት ክዳኑን ይነቅላል፤ ደጋግሞ ከመንቀል ደግሞ ክፍቱን ይተወዋል። እንግሊዞች በ1917 ከተማዋን ከቱርክ ከያዙ በኋላ ጉድጓዶቹ በጤና ተቆጣጣሪ መታየት የጀመሩት ለዚህ ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1918 ከአሩብ ምንጮች በቧንቧ ውሃ አመጣ፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከሜዳው ከራስ አልዐይን ተገፍቶ ወጣ። በእኔ ግምት ለዚህ ጎዳና ሕሙማን ከማናቸውም ሕንፃ ይልቅ እነዚህ ሁለት ቧንቧዎች የበለጠ ሠርተውላቸዋል።

የእንግሊዙ ሆስፒታል ግን ለብቻው መታየት ያለበት ነው። አርክቴክቱ ቤሬስፎርድ ፓይት አልጋ ክፍሎቹን በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ አላጨቋቸውም፤ ለየብቻ አቁመው በግማሽ ክብ ዘረጓቸው። በሳተላይት ካርታ ከላይ ቢያዩት እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ይመስላል። ምክንያቱ የዘመኑ እምነት ነው፤ የአንዱ ክፍል እስትንፋስ ወደ ሌላው እንዳይሻገር። ክፍሉ ጠባብና ረጅም ይሆናል፣ በሁለቱም ጎን መስኮት ይኖራል፣ አልጋው በመስኮትና በመስኮት መካከል ይቆማል፣ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሐሳቡ የተወለደው በሽታ ከመጥፎ ሽታ ይመጣል ከሚለው ትምህርት ነው፤ ትምህርቱ ተሳስቷል፣ ሕንፃው ግን ትክክል ወጣ። ለሳንባ ነቀርሳ ከተዘጋ ክፍል የከፋ፣ ነፋስ ከሚያልፍበት ክፍል የተሻለ ነገር የለም። ዛሬም ያገራችን ጤና ጣቢያዎች የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ያለበትን ክፍል መስኮት ክፈቱ ይላሉ። ጉድለቱ በክረምት ይታያል። ኢየሩሳሌም በጥር በረዶ ሊጥልባት ይችላል፤ በየአቅጣጫው ግድግዳው የተጋለጠ ክፍል ማሞቅ ብዙ ማገዶ ይፈጃል፣ ማገዶም በዚያች ከተማ ውድ ነበር። ምግብም ከወጥ ቤት ተነሥቶ የመጨረሻው ክፍል እስኪደርስ ይቀዘቅዛል።

የጣሊያኑን ሆስፒታል በፍጥነት ልለፈው፤ ውበቱ ከታሪኩ ይበልጣል። ሥራው በ1912 ተጀመረ፣ ጦርነት አቋረጠው፣ በ1919 ተጠናቀቀ። ማማው የፍሎረንስን ቤተ መንግሥት ያስመስላል። አርክቴክቱ አንቶኒዮ ባርሉዚ በጌቴሴማኒ የሁሉንም አሕዛብ ቤተ ክርስቲያን የሠራው ያው ነው፤ ጌቴሴማኒ የሄደ ተሳላሚ እጁን ያውቀዋል። በ1963 ለእስራኤል መንግሥት ተሸጦ የትምህርት ሚኒስቴር ሆነ።

ዐይን ሐኪሙ ዶክተር አብርሃም ቲኾ ግን ሊዘለሉ አይገባም። በ1912 መጡ፤ በ1924 ከጎዳናው ዝቅ ብሎ ያለውን ትልቅ ቤት ገዝተው ከታች አከሙ፣ ከላይ ኖሩ። በ1929 በዓረብና በአይሁድ መካከል በተነሣው ሁከት በስለት ተወግተው ተረፉ፤ በ1960 እስኪሞቱ ድረስ አይሁዱም ዓረቡም በራቸው ላይ ይሰለፍ ነበር። ዋናው በሽታ ትራኮማ ነው፤ ይህን በሽታ የአማራ ክልል ገጠር ሳያውቀው የቀረበት ዘመን የለም። ደጋግሞ የሚይዘው ኢንፌክሽን የዐይን ቆቡን ውስጥ ያጠባስሰዋል፤ ጠባሳው ሲሸበሸብ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ ርግብግቢት ብሌኑን ይፍቃል፤ ብሌኑ ነጭ ይለብሳል። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ጊዜ ሕክምናው ቆቡን ገልብጦ በመዳብ ሰልፌት ድንጋይ ማሸት ወይም ሲልቨር ናይትሬት መቀባት ነበር፤ ያቃጥላል፣ ለወራት ይደጋገማል። ታማሚው ትንሽ ሲሻለው ይቀራል፤ ወደዚያው ዝንብ፣ ወደዚያው የጋራ ፎጣ ይመለሳል፣ እንደገና ይያዛል። የታጠፈውን ቆብ ወደ ውጭ የሚመልሰው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። በእኛ አገር እናቶች ሽፋሽፍቱን በወረንጦ ይነቅሉታል፤ ለቀናት ያሳርፋል፤ ተመልሶ የሚበቅለው ግን አጭርና ሸካራ ስለሆነ ከበፊቱ ይብስ ይወጋል። ስለዚህ ወረንጦ ቤት ውስጥ ሲዞር ከታየ ሰውየው ለቀዶ ሕክምና መድረሱን ማወቅ ይገባል።

በ1918 ከአሜሪካ የመጣው የሀዳሳ፣ የአሜሪካ አይሁዳውያት ማኅበር፣ የሕክምና ቡድን፣ ከ40 በላይ ሐኪምና ነርስ ይዞ፣ የሮትሺልድን ሆስፒታል ተረከበ፤ በዚያው ዓመት የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በ1921 የመጀመሪያዎቹን 22 ነርሶች አስመረቀ። ለእኔ የጎዳናው መታጠፊያ ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ ነርስ ከውጭ የምትመጣ እኅት ነበረች፤ አገሯ ስትጠራት ወይም ጦርነት ሲነሣ ትሄዳለች። በ1914 ቱርክ ወደ ጦርነት ስትገባ እንግሊዙም ፈረንሳዩም ሩሲያዊውም ጠላት ሆነው ሲወጡ አልጋው ያለ ሰው ቀርቶ ነበር።

በ1939 ሀዳሳ ወደ ስኮፐስ ተራራ አዲስ ሕንፃ ወጣ። ሚያዝያ 13 ቀን 1948 ወደዚያ የሚወጣው የሐኪሞችና የነርሶች ኮንቮይ ተጠቅቶ 78 ሰው ሞተ፤ ከነሱ አንዱ የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ሐይም ያስኪ ነበሩ። ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ተቆረጠ። ሀዳሳ ወደ ጥንት መንገዱ ተመለሰ፤ የድሮውን ሮትሺልድንና ሚስዮኑ የለቀቀውን የእንግሊዝ ሆስፒታል ይዞ ሠራ። ራቢዎቹ 50 ዓመት ሙሉ አትግቡበት ያሉት ግቢ የአይሁድ ሕሙማን መዳኛ ሆነ። የጎዳናው ምሥራቅ ጫፍ እስከ 1967 በእስራኤልና በዮርዳኖስ ድንበር ተቆርጦ ቆየ። በ1961 የሀዳሳ አዲሱ ሆስፒታል በዐይን ካሬም ሲከፈት አልጋዎቹ ወደዚያ ሄዱ፤ የእንግሊዙ ግቢ ትምህርት ቤት ሆነ። ቢኩር ኾሊም በ1925 በከፈተው ሕንፃ ላይ፣ ማዶ የነበረውን የጀርመን ሕንፃ ጨምሮ፣ በቦታው ቀረ፤ በ2012 መጨረሻ ሻዓሬ ጼዴቅ ሆስፒታል ተረከበው።

ኢትዮጵያስ? እኛ እዚያ ሆስፒታል አልሠራንም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የጀመሩትን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመውን ክብ ቤተ መቅደስ ሠራን፤ በዙሪያው ነገሥታቱና መኳንንቱ ቤት እየገዙና እያሠሩ ኪራዩ ለመነኮሳቱ መተዳደሪያ እንዲሆን ለገዳሙ ሰጡ። የኢትዮጵያ ጎዳና ተብሎ ከነቢያት ጎዳና ወደ ሰሜን የሚታጠፈው ጠባብ መንገድ የዚያ ሥራ ነው። ሰዎች ይህን እንደ ትንሽ ነገር ያዩታል፤ እኔ ግን ብልሃት ያለበት ይመስለኛል። የሆስፒታሎቹ ገንዘብ በየዓመቱ ከለንደን፣ ከበርሊን፣ ከሴንት ፒተርስበርግ የሚላክ ነበር፤ ጦርነት ሲመጣ ይደርቃል። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ገንዘብ የተቋረጠበትን የሩሲያ ግቢ ማየት ይበቃል። የኪራይ ቤት ግን እዚያው ያፈራል፤ ጥገናው ካልተረሳ። የሚረሳው ግን እሱ ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ተከራይ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ገቢው ሲቀንስ ጥገናው ይቀራል፣ ድንጋዩ ከውስጥ እርጥበት ይጠጣል።

መንገዱን መሄድ የሚፈልግ ከጣሊያኑ ማማ ይጀምር፤ ሽቅብ ወደ አንበሳው ይውጣ፣ በስተቀኝ በኢትዮጵያ ጎዳና ገብቶ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለም፣ ተመልሶ በሺክ ቤት አልፎ እስከ ሽትራውስ ጎዳና መታጠፊያ ይሂድ፤ በአንድ መገናኛ ላይ የጀርመኑና የቢኩር ኾሊም ሕንፃዎች ይተያያሉ፣ የቢኩር ኾሊምን በሮች ያጌጣቸው ሠዓሊው ዘኤቭ ራባን ነው። ቅዳሜ ጎዳናው ጸጥ ስለሚል ድንጋዩን ለማየት ይመቻል፤ ግቢዎቹ ግን ዝግ ናቸው። ቁጥር 37 ዛሬ ኮሌጅ ነው፤ ከሚሰጣቸው ትምህርቶች አንዱ የዐይን ምርመራና የመነጽር ሙያ ነው።